የሐሙሱ ቁጥር

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ከደጅሽ አይራቅ። አባዬ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቶቹ ሁሉ እንዴት ከረሙ? ልብሽስ ረጋ አለልሽ? ኪኒኑን ለጎረቤት አካፍለሽ እንዳይሆን፤ አውቅሻለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ሳልጨርስ ስለምታቋርጪኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሐምሌ ላይ አልመረቅም። ቆይ፣ እንዳትጮሂ!

ካንቺ ጉድጓድ ያመጣሁትን ቆጮ በየብልቃጡ አድርጌ ሰኞና ሐሙስ፣ ልክ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል እንደኮመጠጠ በመሣሪያ እለካለሁ። አንቺ አሽትተሽ የምታውቂውን ለማወቅ ሁለት ዓመት መማር ምን የሚሉት ነው ብለሽ ስቀሽብኝ የለ! ቀኔን በግማሽ በግማሽ ሰዓት ከፋፍዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ምሳ እንኳ ሃያ ደቂቃ። ሰው አላስቸግርም፣ ሁሉን ራሴ እወጣዋለሁ ባይ ነበርኩ። እልኸኝነቴ ካንቺ ነው የመጣው፣ አትካጂ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ላብራቶሪ አልገባሁም። አብራኝ የምትሠራዋን ታቢታን ለኪልኝ ብላት እሺ ባለች ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። አርብ ጠዋት ባዶውን ቦታ ማየት አስፈራኝና ከራሴ ቁጥር ፈጥሬ ጻፍኩበት። አዎ፣ ልጅሽ ዋሸች።

የሚያናድደው፣ አማካሪዬ ዶክተር ሂሩት ውጤቱን ስታይ ከሁሉ ያደነቀችው ያችኑ ቁጥር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ቢሮዋ ገብቼ ዘረገፍኩት። ብዙም አልተቆጣችም። የቀሩት ቁጥሮች እውነት መሆናቸውን በምን ልወቅ አለችኝ። እንግዲያው ከሀ ጀምሪ አለች። የዚያን ሐሙስ የት ነበርሽ ስትለኝ ግን አልነገርኳትም።

ምረቃዬን ለጸሎት ቤቱ ሴቶች ሁሉ እንደነገርሽ አውቃለሁ። ወደ ጥር ተዛውሯል በያቸው። አንገቷን ደፍታለች እንዳትዪ፤ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። የግድግዳውን ወረቀት ቀድጄ አዲስ ጻፍኩ፤ አሁን በየቀኑ ምንም የማልሠራበት አንድ ሰዓት አለኝ። ታቢታ ለእኔ ትለካለች፣ እኔም ለእሷ፤ የለካ በስሙ ይፈርማል። እንቅልፌም ተመልሷል። የአሁኑንስ በደንብ አድርጌ እጨርሰዋለሁ፣ አትጠራጠሪ።

ቀጠሮሽ ሰኔ 12 ነው፤ እሱም ሐሙስ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ሐኪሙ ጋ አብረን እንገባለን። እንደዚያኛው ሐሙስ ወረፋ ላይ ቁጭ ብለን፣ ሥራ አስፈታሁሽ እንዴ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያን ቀን፣ የዛሬን ሥራ ለሰው ሰጥቻለሁ እልሻለሁ፤ የአሁኑ ግን እውነቴን ነው።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ አንቺንም አባዬንም በጤና ያቆይልኝ። ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ