የመሪማ ወፍ አስተጣጠፍ

መርሳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለአብዱልሐሊም፣

አሰላሙ አለይኩም። ከነሚስትህ ደህና ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ለቀበቶዬ በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ እበሳለታለሁ፤ ወደየት በኩል እንደሆነ አንተ ገምት።

ይህን ደብዳቤ ይዛ ደጅህ የቆመችው እህትህ መሪማ ናት። አትደንግጥ። ባለፈው «ቤቴ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ቆይተው ይላኳት» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ቆየሁ። ከቆቦ በኩል የወረደው ሰው የመኪና መንገዱ ዳር ተቀምጦ ሲያልቅ እያየሁ ቆየሁ። አሁን መቆያውም አለቀ። እናታችሁ ከሞተች ወዲህ ያላት እኔና አንተ ነን፤ እኔን ደግሞ አትቁጠረኝ። ስለ ጥበቱ አብሽር፣ ልጅቷ ከስታለች፣ ታጥፋ ትተኛለች።

ጋዜጣህ ደርሶኛል። «ወሬ አይስሙ፣ አዝመራው ደህና ነው ተብሎ ተጽፏል» ያልከውን ገጽ ለጎረቤታችን ለአብዱሰመድ አነበብኩለት። አዳምጦ አዳምጦ «ሙሄዲን፣ እዚያ አገር እንሂድ» አለኝ።

«የቱ አገር?»

«ይኸ ጋዜጣው ያለው ወሎ።»

ከሱ ጋር ስንገባበዝ ነው የከረምነው። እኔ ለመሪማ «አብዱሰመድ ቤት በልቼ መጣሁ» እላታለሁ፤ እሱም ለልጆቹ «ሙሄዲን ቤት በላሁ» ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ጉርብትና አዲስ አበባ የለም።

ጋዜጣው ግን ለወፍ ሆነ። መሪማ የወረቀት ወፍ ካልሠሩላት አትተኛም፤ ስለዚህ አሠራሩን ልብ ብለህ አንብብ። ልጅ ሳለህ ያጠፍካት ወፍ እንቁራሪት መስላ ሰፈሩ እንደሳቀብህ አልረሳሁም።

ወረቀቱን አራቱም ጎኑ እኩል እንዲሆን አድርገህ ቁረጥ። ከማዕዘን ማዕዘን አጥፈህ መልሰህ ክፈተው፤ መሐሉ ላይ መስመር ይወጣል። ከአንዱ ጫፍ የሚነሱትን ሁለት ጎኖች ወደ መስመሩ አምጣና አጋጥም። ከዚያ በመስመሩ ላይ እንደገና ለሁለት እጠፈው። ሹሏን ጫፍ ወደ ላይ ቀና አድርጋት፣ አንገት ሆነች፤ ጫፏን ጎንበስ አድርጋት፣ አፍ ሆነች። እንዳትከፈት ሆዷን በክር ስፋው። ክሩን አጥብቀህ አትሳብ፤ ወረቀት እንደ ሱሪ አይታገሥም። በጀርባዋ ክር አሳልፈህ ከመኝታዋ በላይ ስቀላት።

መጀመሪያ የሠራሁላት ቀን «አባባ፣ ምን ትበላለች?» አለችኝ።

«ወረቀት ናት፣ አትበላም» አልኳት።

«እንግዲያ እኔንም እንደሷ ይሥሩኝ» አለች።

ያን ዕለት ነው ፈንታውን ወዳንተ ይዟት እንዲሄድ የለመንኩት። ፈንታው የወልድያው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ያመጣልህ እሱ ነው፣ ሳይበላ እንዳትሸኘው። «አባባ ሙሄዲን፣ እርስዎም ይውጡ እንጂ፣ እንጠጋጋለን» ብሎኝ ነበር። «ሽማግሌ የጫነ መኪና የኋሊት ነው የሚሄድ» አልኩት። ሳቀና ፊቱን አዞረ። ምን ልበለው? የቤትህን ጥበት ለባዕድ አልነግር።

ሥራዬን ብትጠይቀኝ ኖሮ መርፌዬ ቦዝኗል እልህ ነበር። ሱሪ የሚያሰፋ የለም። ዘንድሮ የሚፈለገው ከፈን ብቻ ነው፤ ከፈን ደግሞ እንደምታውቀው አይሰፋም፣ ነጩን አቡጄዲ ለክቶ መቅደድ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ ስል ኖሬ ጨርቅ ቀዳጅ ሆንኩልህ።

መሪማ ስትበላ ከእጇ አትንጠቅ፤ መጀመሪያ ግን ቀጭን አጥሚት፣ ጥቂት ጥቂት ስጧት። ሌሊት ብትጠራኝ «ወልድያ ገበያ ሄደዋል» በላት። ደጋግማ ብትጠይቅህም ገበያው ርቋል በላት።

አላህ ቤትህን ያስፋልህ፣ ልብህንም ጨምሮ። ሚስትህን በሰላም ያኑርልህ፤ ልጅ ሲሰጣችሁ ሳይርበው የሚያድግ ያድርገው። ተቀይሜህ አይደለም። ትንሽ ነው የተቀየምኩህ።

መርፌዬን ከቀሚሷ አንገት ሥር ሰክቼልሃለሁ፤ እንዳይወጋት ቀስ ብለህ አውጣው። ወፏን ስፋበት፣ ለእኔ አትመልሰው። ከእንግዲህ ለእኔ የሚያስፈልገኝ ጨርቅ መርፌ አይሻም። ለክቼ ቀድጄዋለሁ፤ አብዱሰመድ ቤት ተቀምጧል።

አያትህ ሙሄዲን፣
ልብስ ሰፊው