እንቅርቴና የፈቲያ ጥያቄ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ተማሪዬ ፈቲያ ስትጠይቀኝ እጄ ሳላውቀው ወደ አንገቴ ሄደ። ለዘጠነኛ ክፍል ሃሎጅኖችን እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲን ብዬ ከላይ ወደ ታች ጻፍኩና "የላይኛው የታችኛውን ከጨዉ ገፍቶ ያስወጣዋል" አልኩ።

"ቲቸር፣ እንግዲያው የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሰውነታችንን አዮዲን አያስወጣውም?"

አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኳት። ሁለት ወር ሙሉ በሻርፕ የሸፈንኩትን እብጠት የሚያውቀው ባሌ ግርማ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሥራ መልስ ስልኬ ላይ አነበብኩ። አንዱ ሳሙናውን ጣሉት ይላል። ሌላው ጥፋተኛው የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ነው ይላል። ፍርሃቱ ባሰብኝ። ጥርሴን በመፋቂያ ስፍቅ ግርማ፣ "ኬሚስቷ ሳሙና ፈራች!" ብሎ ሳቀ። ተናደድኩ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወና "ነገ ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ" አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዶክተሯ ከኋላዬ ቆማ አንገቴን ዳበሰች። ምራቅ አስዋጠችኝ። አልትራሳውንድ አነሳችኝ፣ ደምም ሰጠሁ። ውጤቱ ለዓርብ።

የፈቲያን ጥያቄ ጠየቅኳት። "ሰውነት የሙከራ ቱቦ አይደለም" አለች። ፍሎራይድ እንደ ሰሌዳዬ አዮዲንን ገፍቶ አያስወጣም። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ እጅግ ሲበዛ፣ በተለይ አዮዲን በጎደለው ሰው ላይ፣ ታይሮይድን ያስቸግር ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ገና ያልተቋጨ ነገር ነው። ቦርሸን የምንተፋው ሳሙና ግን እዚህ አያደርስም።

ከዚያ "ጨው ከየት ነው የምትገዙት?" አለችኝ።

ከገበያ፣ ፀሐይ ላይ ከተዘረጋው ጆንያ። ወጥ ያጣፍጣል ብዬ። አዮዲን የለውም፤ እንቅርት የሚያመጣው ደግሞ የአዮዲን እጥረት ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ እኮ! አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ገዛሁ። ክዳን ያለው ዕቃ። ከምድጃ ራቅ ያለ መደርደሪያ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ሊወርድ ሲል፣ አዮዲኑ እንዳይጠፋ።

ክፍል ገብቼ ሻርፔን ፈታሁ። "ፈቲያ፣ መልሱን አመጣሁልሽ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከኋላ አንዷ "እናቴም አላት" አለች። ሌላው "አያቴም"። ደወል እስኪደወል ጥያቄያቸው አላለቀም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ታይሮይዴ በደንብ ይሠራል! እብጠቱም ክፉ አይመስልም። መድኃኒት የለም፤ ከስድስት ወር በኋላ እታያለሁ።

ግርማ ደስ አለው። ትንሽ ከሄድን በኋላ "እማዬስ?" አለ። መሰላ የሚኖሩት እናቱ፣ ካገባሁት ጀምሮ የማውቀው የብርቱካን ያህል እንቅርት አላቸው። ሁላችንም እናየዋለን፤ ማንም አንስቶት አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መሰላ ሄድን። "ይሄ ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ምን አደረገኝ?" አሉ እማማ።

የእኔን አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። ቀስ ብለው፣ "እህል ስውጥ ይይዘኛል" አሉ። ግርማ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ተነስቶ ልብሳቸውን በፌስታል ያዘላቸው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እማማ እኛ ጋ አደሩ። ነገ ዶክተሯ ታያቸዋለች። የቆየ ትልቅ እንቅርት በጨው ብቻ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ቀዶ ሕክምና ይሉን ይሆናል፤ ሐረር መሄድም ይኖር ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው፣ "ሐኪሟ ኦሮምኛ ትችላለች?" አሉኝ።

"የሂርና ልጅ ናት፣ እማማ፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው።"

"እሰይ። እንግዲያው ሁሉንም እነግራታለሁ።"