እጃችንን ያነሣነው ለሰላምታ አልነበረም

ለተከበሩ የግቢያችን ማስዋብ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪ ጤናዎን፣ በተለይም የወገብዎንና የጉልበትዎን ጤና፣ እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በምድር ቤቱ፣ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ባለችው ቤት የምኖር፣ ዕድሜዬን የከተማ አውቶቡስ ስነዳ አሳልፌ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ፣ ሚስቴንም አምና የቀበርኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ በዚህ ደብዳቤ የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙ፣ እንደ አዲሱ ግቢያችን ይቁጠሩትና ጉድለቱ ሆን ተብሎ ለውበት የተደረገ ነው ብለው ይለፉት።

ኮሚቴዎ ግቢያችን «ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን» በሚባል ስልት ታድሶ «ፓቲዮ»፣ ማለትም የደጅ መቀመጫና መናፈሻ፣ እንደሚሆን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ባስታወቀ ጊዜ፣ ነገሩ ስላልገባኝ ዲዛይነሯን ቀርቤ ጠይቄአት ነበር። ልጅቷ ትሑት ናት፤ እግዜር ይስጣት፣ ሥራዋን አቁማ አስረዳችኝ። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፋሽን የነበረ አሠራር ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ጌጥ ያልበዛበት ሲሚንቶና እንጨት፣ ቤቱንና ደጁን አንድ የሚያደርግ ሰፊ መስታወት። «አባባ፣ ያ ዘመን እኮ ተመልሶ መጣ» አለችኝ። እኔ በዚያ ዘመን በቁምጣ የምሮጥ ልጅ ስለነበርኩ፣ ተመልሶ ሲመጣ ጉልበቴንም ይዞልኝ ይመጣል ብዬ በጉጉት ስጠብቅ ከረምኩ። የመጣው ግን ወንበሩ ብቻ ነው።

ጊዜዎን ላለማባከን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፦ ስለ ጣራው። አንዱ ጣውላ ከሌላው በክንድ ያህል ተራርቆ የተደረደረበትን፣ ፀሐይንም ዝናብንም ሳያዳላ የሚያስገባውን ጣራ ስላቆማችሁልን እናመሰግናለን። ቀድሞ ዝናብ ሲመጣ ወደየቤታችን እንሮጥ ነበር፤ አሁን ግን ከጣራ ሥር ነን ብለን ስለምንዘናጋ አርፈን እንበሰብሳለን። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ የጣውላው ጥላ እየተጋደመብን ሁላችንም የሜዳ አህያ እንመስላለን። ለኮሚቴው የመሰብሰቢያ ክፍል የተገጠመው ሰፊ የመስታወት በር ደጁን ወደ ውስጥ ይጋብዛል ተብሎ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ጎርፉ ግብዣውን ተቀብሎ እስከ ጠረጴዛችሁ ድረስ መግባቱን ሰምቼ አዝኛለሁ።

ሁለተኛ፦ በእኔና በጎረቤቴ በር መካከል እስከ መቀመጫው ስፍራ ድረስ ስላቆማችሁት ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ግድግዳ። ነፋስ ያሳልፋል ተብሎ ነበር፤ ያሳልፋል። ከነፋሱ ጋር የጎረቤቴን የሽንኩርት ቁሌት፣ ሳሉንና በተለይም ሬዲዮውን ያሳልፋል። እኔና ይህ ጎረቤቴ፣ ግቢው ሁሉ «ባለ ሬዲዮው» የሚለው ሰው፣ በዚያችው ሬዲዮ ምክንያት ከተኳረፍን ቆይተናል። ግድግዳችሁ ግን ማኩረፍ የማይመች አድርጎብናል፤ ሰው በቀዳዳ እየታየ እንዴት ያኮርፋል? ከዚህም በላይ፣ ማታ ማታ ጸሎቴን ሳደርስ ድምፄ ወደ እሱ ያልፋል መሰለኝ፣ ሬዲዮውን ዝቅ ማድረግ ጀምሯል። ይህ የመጨረሻው እንኳ ቅሬታ አልነበረም፤ በስህተት እዚህ ገባ።

ሦስተኛ፦ ስለ እሳት ማንደጃው። ከሲሚንቶ የተሠራው ትልቅ ክብ ሳህን በመካከላችን ተቀምጦ ዙሪያውን እንድንሞቅ ታስቦ ነበር። ከፊቱ የተከላችሁት ጽሑፍ ደግሞ «እሳት ማንደድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ሁለቱንም በታዛዥነት ተቀብለን ዙሪያውን ተቀምጠን ጽሑፉን እንሞቃለን።

አራተኛ፦ ወንበሮቹ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ብርቱካናማ ወንበሮች በፊት በውኃ ቧንቧው አጠገብ አንድ የእንጨት አግዳሚ ነበር። ከፍ ያለ፣ ክንድ መደገፊያ ያለው፣ ፊቱን ወደ ዋናው በር ያዞረ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ከሥራ ስመለስ ሚስቴ እዚያ ላይ ሆና ትጠብቀኝ ነበር፤ ቆቤን በበሩ ስታይ ቀድማ ትነሣለች፣ እኔ እስክደርስ ውኃ ቀድታ ትጠብቀኛለች። ከሄደች በኋላ እኔ በራሴ በኩል ጠርዙን ይዤ እቀመጥ ነበር፤ የእሷን ቦታ አልነካውም። የማታ ጸሎቴንም እዚያው አደርስ ነበር። ዲዛይነሯ አግዳሚው «ንጹሑን መስመር ይሰብራል» ስላለች አንሥታችሁ ከጥበቃው ቤት ጀርባ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አድርጋችሁ ጥላችሁታል። መስመሩን ይሰብራል ለተባለው ክርክር የለኝም፤ እሷም በሕይወት ሳለች መስመር የምታከብር ሴት አልነበረችም።

ባለፈው እሑድ ሊመሽ ሲል መቀመጫ ባጣ ከአዲሶቹ ወንበሮች በአንዱ ተቀመጥኩ። መቀመጥ እንኳ አይባልም፤ ገባሁበት። ጉልበቴ አገጬ አጠገብ ደረሰ። ጸሎቴን ጨርሼ ልነሣ ብል ጉልበቴ አልሰማ አለኝ፤ ወደ ጎን ብል የምይዘው ክንድ የለውም። ስንቱን አሮጌ አውቶቡስ ከዳገት ያወጣሁ ሰው ከወንበር መውጣት አቃተኝ። ፈጣሪን ሰው እንዲልክልኝ ለመንኩት። የትኛውን ሰው እንደሆነ ለይቼ ስላልነገርኩት ባለ ሬዲዮውን ላከልኝ።

በቀዳዳው አየኝና «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ምንም፣ አየር እየወሰድኩ ነው» አልኩት። «ታዲያ ምን ያስቃስትሃል?» ብሎ ዞሮ መጣ። እጄን ይዞ ሲስበኝ እሱ እኔን በማንሣት ፈንታ እኔ እሱን ወሰድኩት፤ ከጎኔ ባለው ወንበር ዘፍ አለ፣ ቀረም። ጩኸቱን የሰማች የአንደኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች ወረደች። «ጋሼ፣ አውቶቡሱን አንቀሳቅሱት እንጂ!» ስትል ባለ ሬዲዮው «ነዳጅ የለውም፣ ግፊ!» አላት። ልትገፋ መጥታ ሳቅ ጉልበቷን ወሰደውና እሷም ሦስተኛው ወንበር ላይ ተዘረረች።

አራተኛዋ ዱላ የያዙ እማማ ነበሩ። ከአራታችን አስተዋይዋ እሳቸው ናቸው። «ተቀመጡ እማማ» ብትላቸው ልብስ ሰፊዋ፣ «አብጃለሁ እንዴ? እዚያ ውስጥ የገባ በአራት ሰው ነው የሚወጣው!» አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ዘረጉልን፤ ሦስታችንም ዱላውን ለመያዝ እጃችንን ወደ ላይ አነሣን። የኮሚቴዎ ጸሐፊ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ፎቶ ያነሣችን ልክ በዚያች ሰዓት ነው።

ፎቶው ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ነዋሪዎች በአዲሱ ፓቲዮ ደስታቸውን ሲገልጹ፤ አንዲት እናት ጨዋታ ሲመሩ።» ዝቅ ብሎም፣ ነዋሪው ባሳየው ከፍተኛ እርካታ መሠረት የሥራው ሁለተኛ ምዕራፍ መጽደቁንና አሮጌው አግዳሚ በመጪው ቅዳሜ ተጭኖ እንደሚወገድ ያስታውቃል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ያ እጅ የእኔ ነው። እጄን በሚገባ አውቀዋለሁ። ሰላምታም፣ እርካታም፣ የድጋፍ ድምፅም አልነበረም። አውጡን ስንል ነው። በዚያ እጅ ተመስክሮ የሚስቴ መቀመጫ ቅዳሜ ከተጫነ፣ በገዛ እጄ ጫንኩት ማለት ነው፤ ይህንን ደግሞ ማታ ማታ ለማነጋግረው ጌታ ምን ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም።

ራሴን ሳልመረምር እንዳልጻፍኩ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ንዴቱ የአግዳሚው ነው ወይስ የሌላ ብዬ ጠይቄአለሁ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ስለ መንገዱ፣ ስለ አለቆቼና ስለ ጎማው ሳማርር አፌን እስክዘጋ ትጠብቅና «ጨረስክ?» ትለኝ ነበር፤ ከዚያ ነገሩ ያልቃል። ዛሬ ጨረስክ የሚለኝ ስለሌለ የማማርረው ሁሉ መጨረሻ አጣ። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግማሹ የእሷ ድርሻ ነበር፤ ሳይገባዎ ስለተሸከሙልኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግማሹ ግን የእርስዎ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ክብ ክቦቹ መብራቶች አመሻሽ ላይ ሲበሩ ደስ ይላሉ። የዚያን ዕለትም ዘበኛው መጥቶ አንድ በአንድ እስኪነቅለን ድረስ እዚያው ተዘርረን ብዙ ተጫወትን። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ባለ ሬዲዮውም ጥፋቱ የሬዲዮዋ ቁልፍ መበላሸት እንጂ የእሱ ክፋት አለመሆኑን ነገረኝ፤ ከማምነው በላይ አመንኩት። ኮሚቴው ነዋሪውን አቀራርባለሁ ብሎ ነበር፤ አቀራርቧል። ለዚህ ለዚህ ግን ጉድጓድ ብትቆፍሩልንም ይበቃን ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። አግዳሚው ወደ ቧንቧው ይመለስ፣ ፊቱም ወደ በሩ ይሁን። አዲሶቹ ወንበሮች ሁሉ እሳት የሌለበትን ሳህን ከበው ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ሰው ደክሞት ሲገባ የሚያየው አንድ ሰው እንኳ የሌለበት ግቢ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ ለእኔ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው፤ ማቆሚያ ደግሞ አይቼ ጠግቤአለሁ። ስልቱን ይረብሻል ከተባለ ብርቱካናማ ቀለም ቀቡት። እሷ ቀለሙን ትወደው ነበር። እግሮቹን ብቻ እንዳታሳጥሩብን።

የኮሚቴዎን ዕድሜ ያርዝመው፤ ከወንበራችሁም በሰላም ለመነሣት ያብቃችሁ እያልኩ፣ ለመቀመጥ የማልሰንፍ፣ ለመነሣት ግን ረዳት የምሻ፣ በዝናብ የረጠብኩ፣ በቀዳዳ የምታይ፣ ያለ ፈቃዴ የረካሁ ታዛዥ ነዋሪዎ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የምድር ቤቱ አውቶቡስ ነጂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በፎቶው ላይ ጀርባቸውን የሰጡት፣ ሻርፕ የተከናነቡት፣ ማንነታቸው ስላልታወቀ «አንዲት እናት» ተብለው የተጠቀሱት ሴት፣ እናትዎ ናቸው። እርስዎ ዘንድ ሊኖሩ ከመጡ ወዲህ ሁልጊዜ አመሻሹ ላይ ከሦስተኛ ፎቅ እየወረዱ፣ ልጄ ሲገባ ልየው ብለው ዋናውን በር ሲጠብቁ ያመሹ ነበር። እርስዎ በመኪና በኋላ በር እንደሚገቡ ለመንገር ማናችንም አልደፈርንም፤ ወደ ላይ ወጥተው ቤት ሲያገኙዎት «ዛሬም አመለጠኝ» እያሉ ይስቃሉ። አግዳሚው ከተጣለ ወዲህ ከጥበቃው ቤት ጀርባ እዚያው ላይ ተቀምጠው አጥር ያያሉ። ስለዚህ ቅዳሜ መኪናው ሲመጣ ወንበሩን ከማንሣታችሁ በፊት እሳቸውን ማስነሣት ያስፈልጋችኋል፤ ይህን ለጫኞቹ ከመተው እርስዎ ራስዎ ቢመጡ ይሻላል። ከጎናቸው ያለው ቦታ የሚስቴ ነበር፤ ለእርስዎ ለቅቄልዎታለሁ።