በአልጋዬ ራስጌ የቆመው ከዘራ

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? አጎቴስ ደህና ነው? እኔና ልጄ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነን። በመካከላችን ያለችው ከዲላ ጪጩ መንገድ በባጃጅ ምን አላት፤ ግን ዓይንሽን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ አንቺው አንብቢው፤ ለአጎቴ እንዳታስነብቢው።

ለባሌ ለሙሐሲን የተቀመጥኩትን የሐዘን ዒዳ ጨርሼ ወደ ቡና ለቀማዬ በተመለስኩ ማግስት፣ ወንድሙ ሳዳም በጠዋት መጥቶ ከዘራውን ደጃፌ ላይ አቁሞ ሄደ። ነገሩን አንቺ ታውቂዋለሽ። የሟች ወንድም ከዘራውን ደጅ ያቆማል፤ ሴትየዋ ካስገባችው እሺ ብላለች ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱም፣ የቡና ማሳውም፣ እሷም የሱ። እኔ በጣቴም አልነካሁት።

በዚያው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፍቼ ስገባ ከዘራው አልጋዬ ራስጌ ቆሟል። እማ፣ አውጥቼ ደጅ ጣልኩት። በማግስቱ ስመለስ እዚያው ራስጌዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሙሐሲን ጃኬት ከሳጥን ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ገና እርጥብ እንደሆነ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። በአራተኛው አልጋው በሁለት ትራስ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ልጄ አባባ መጣ እንዴ ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?

ልጄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ኤልቤቴል የሟች መንፈስ ነው ብላ በኢየሱስ ስም ጸለየችልኝ። እኔም ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ቀራሁ። ወላሂ አምኜ ነበር። ሙሐሲን ራሱ ለወንድሙ ሊሰጠኝ መጣ ብዬ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁትም።

ኤልቤቴልንም ባሏ ሲሞት ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ሊወርሳት መጥቶባት ነበር፤ በፍርድ ቤት ነው የተረፈችው። እሷው ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጠው ሉሊት ዘንድ ወሰደችኝ። ሉሊት ሕጉን አነበበችልኝ፤ ያለ ፈቃዴ ጋብቻ የለም፣ ቤቱና ማሳውም የኔና የልጄ ነው። ሼሁም ዘንድ ሄድኩ። "ያንቺን አንደበት ሳልሰማ ኒካ አላስርም" አሉኝ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ከዘራውን አስገብተሻል ወይ አሉኝ። ሳዳም ቀን ቀን በደጄ እያለፈ ከዘራው ደጅ አለመኖሩን ለሰው ሲያሳይ ከርሟል። ሐሙስ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ በገዛ እጇ አስገባችው ሊል ነው።

ትናንት ስገባ ጠዋት ሳላጥፈው ትቼው የወጣሁት ጋቢ አልጋው ግርጌ ታጥፎ ተቀምጧል። አራት ታጥፎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፎ። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። እኔም እንደዚያ ነው የማጥፈው፤ ያስተማረኝንም ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ሙሐሲንን መፍራት ተውኩ፤ ሐዘኔ ግን እንዲያውም ባሰብኝ።

እማ፣ አባቴ የሞተ ዓመት የአጎቴ ከዘራ ቤታችን ሲገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጓዳ ሆነሽ "አልፈልግም" ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ሌላ የሰማሽ አልነበረም። እኛ እንዳንራብ ብለሽ ቻልሽው። ዛሬም ለኔና ለልጄ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ።

አራስ ሆኜ ስትመላለሺ የሰጠሁሽን ትርፍ ቁልፍ በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ ላኪልኝ። ሐሙስ ግን አንቺ ራስሽ ነይ። ሽማግሌዎቹ ፊት አልፈልግም እላለሁ። ማን አስገባው ሲሉኝ ግን ስም አልጠራም።

አላህ ወገብሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ጋቢውን አልዘረጋሁትም፤ እንደታጠፈ ነው።

"አልፈልግም" ስትዪ የሰማችሽ
ልጅሽ