ውሃው ለምን ደፈረሰ?

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የተከራየሃት ክፍል እንዴት ናቸው? በወጉ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ግን አላለኝም፤ አልዋሽህም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ የአባትህ ጆሮ እዚያው ነው። እንግዲህ ልናገረው፤ ከዘጠኙ ዓሦችህ ሦስቱ ሞቱብኝ። ኩሩዋ የምትላትም ከሞቱት ውስጥ ናት። ይቅር በለኝ የኔ ጌታ።

ደግሞ እኮ ግድግዳው ላይ ለጥፈህልኝ ከሄድከው ወረቀት ንቅንቅ አላልኩም። ጠዋት ጠዋት አንድ ቁንጥጫ ምግብ እሰጣለሁ። ሐሙስ ከቧንቧ ቀድቼ ውሃውን በባልዲ አሳድርና ዓርብ ዓሦቹ ካሉበት መስታወት ሩቡን ውሃ ብቻ አውጥቼ ያደረውን እተካለሁ። ማጣሪያውንም በሳሙና አላጥበውም። ከዚያው ከመስታወቱ በወጣ ውሃ ማጠብ ምን ማጠብ ነው ብዬ እጄን እየበላኝ፣ ያልከኝን ብቻ አደረግሁ። ውሃውን የሚያጠሩት በዓይን የማይታዩት ነፍሳት እዚያ ስፖንጅ ውስጥ ይኖራሉ አላልከኝም? እሺ ይኑሩ አልኩ። ታዲያ ውሃው ለምን እንደ አጓት ደፈረሰ?

ግራ የገባኝ በዚህ ብቻ አይደለም። አንድ ማክሰኞ መታጠቢያ ቤት ብገባ ባልዲው እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁት። መቼ ቀዳሁት? ማክሰኞ ቀኑ አይደለ! ሁለት ወር ይበቃሻል ያልከኝ የምግብ ጣሳም በወሩ ተሟጠጠ። አባትህ ማንም እንዳይነካብኝ የሚለው የሰዓት መጠገኛ ወረንጦው ደግሞ እርጥብ እንደሆነ ከመስታወቱ ጀርባ ተገኘ። ከውሃው የበሰበሰ ቅጠል ልለቅምበት ወስጄው ይሆናል ብዬ፣ ሳይቆጣኝ ቶሎ ጠራርጌ መሳቢያው ውስጥ መለስኩለት። መውሰዴን ግን ፈጽሞ አላስታውስም።

ልጄ፣ በጣም ፈራሁ። አክስትህን ታውቃለህ። እሷንም የጀመራት እንዲሁ ነበር፤ ጨው ሁለት ጊዜ መጨመር፣ ምድጃውን ለኩሶ መርሳት። መጨረሻ ላይ እኔን እህቷን፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አንድ ቀን አንተን እንዲህ ልልህ ነው እያልኩ ማጀት ገብቼ አለቀስኩ።

ሲጨንቀኝ ከውሃው በጠርሙስ ቀንሼ ዓሦቹን የገዛህበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ፣ ያ ጸጉረ ረጅሙ፣ በትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ መድኃኒት ጠብ ጠብ አደረገበት። ውሃው ንጹሕ ቢሆን ቢጫ መሆን ነበረበት አለ፤ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። ማዘር፣ የተረፈ ምግብ በስብሶ ውሃውን መርዞታል፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየመገቧቸው ነው አለኝ። አንድ ጊዜ ነው ብዬ ማልኩለት። ቤት ውስጥ ሌላ የሚመግብ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ማን አለና፤ አባቱ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ልጁ የሰዓት ሱቁን አልረከብም ብሎ ከሄደ ወዲህ ያንን መስታወት በዓይኔ አላይም ብሎ ወንበሩን ሳይቀር አዙሮ ነው የሚቀመጠው አልኩት። ባለሱቁ አቀርቅሮ ፈገግ አለ፤ እኔም ንቆኝ ነው ብዬ ተቀየምኩት። ዛሬውኑ ሩቡን ውሃ ለውጠው ለሦስት ቀን ምንም እንዳይሰጧቸው፣ ዓሣ በሦስት ቀን ረሀብ አይሞትም ብሎ ሸኘኝ።

የዚያኑ ቀን ለአባትህ፣ አእምሮዬ ሳይከዳኝ አይቀርም፣ ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ ዓሦቹንም ለሰው እሰጣለሁ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ምንም አልሆንሽም አለኝ። እንዴት አወቅህ ብለው መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ለማንም እንዳትሰጪ አለና ወጣ።

ሦስቱን ቀን አንዲት ፍርፋሪ አልሰጠሁም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አሳዝነውኝ ጎንበስ ብዬ ሳያቸው፣ ሆዳቸው ክብ ብሎ ይምነሸነሻሉ። ውሃው ላይ አንዲት ቀይ የምግብ ቅንጣት ትንሳፈፋለች። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። የሐኪሙን ቀጠሮ ሰረዝኩት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ያዘኝ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ብናገር የሚያፍር ሰው አለ፤ ካፈረ ደግሞ ይተወዋል። ስለዚህ የምረሳ ሴት ሆኜ ቀረሁልህ። መመገቡን ረሳሁት፣ ባልዲውን ረሳሁት። ዓርብ ጠዋት ገበያ እወጣና ሆን ብዬ አረፍዳለሁ። ውሃው አሁን የሌለ እስኪመስል ጠርቷል፤ ስድስቱም ደህና ናቸው። ትናንት ምሳ ላይ አባትህ ድንገት፣ የሼባው ክንፍ ድኗል አለ። ሼባው ማን ነው አልኩት፣ ያን ነጩን ዓሣ እንደማላውቀው ሆኜ። ትልቅ ጉርሻ ጎረሰና መስኮቱን ማየት ጀመረ።

አንተ የተማርክ ነህና አስረዳኝ። ለስድስት ዓሣ ተደብቆ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው፣ ልጄ እንዴት ነው የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ለማውጣት ለምን ይከብደዋል? ናፍቆትህ እኔን ብቻ የሚያቃጥለኝ መስሎኝ ብዙ ጊዜ በልቤ ተቀይሜዋለሁ። አሁን አዝንለታለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

በሚመጣው ወር ዕረፍት አለኝ ብለኸኛል። ና። ሳትደውል፣ ዓርብ ጠዋት ና። እኔ ቤት አልኖርም፤ በር የሚከፍትልህ ግን አታጣም። እጁ እርጥብ ቢሆን እንዳላየህ ሁንና ጨብጠው።

የምትሳሳልህ
እናትህ