የቅሬው ቦታህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ክረምቱ አለፈ፣ ገብሱም ተወቅቶ ገባ። እውነቱን ልንገርህ፣ እስካሁን ምንም አይሰማኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍል እገባለሁ። ሰው ሲያጽናናኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ። እማዬ ልብሽ ደንድኗል ትለኛለች። ትበል።

መሬቱን ለአጎቴ ልጅ የእኩል ሰጥተነዋል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። እማዬን የጉልበቷ ሕመም ብሶባት ከደጅ አያሳልፋትም።

መካነ ሰላም ስታመጣኝ ትዝ ይልሃል? ፍራሼን ተሸክመህ ከሱቆቹ በላይ ያለችውን ትንሿን የግል ዩኒቨርሲቲ ስታይ፣ ይቺማ ከበረታችን በምን ትበልጣለች ብለህ ሳቅክ። ወግዲ ገበያ ላይ ልጅህ ሐኪም ልትሆን ነው ወይ ሲሉህ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው አልያዝልህ ብሎ፣ ስለ ሰው ነው የምትማረው አልካቸው። ሰው ደግሞ ምኑ ይጠናል ብለው ቢስቁብህ ተቆጥተህ ገበያውን ጥለህ መጣህ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አርባህ እንደወጣ የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ነገር መጣ። መቼም ታውቀዋለህ፣ ሰው ሲሞት ከየቤቱ አንድ ሰው ለቀብር መውጣት አለበት። አንተ ቀርተህ አታውቅም። አሁን እማዬ መሄድ አትችል፣ ወንድም የለኝ። የቀረ ቤት ደግሞ ከቅሬው ይወጣል። እኔን ማን ይቀብረኛል ብላ እማዬ ትምህርቱን ተይው አለችኝ። እሺ አልኳት። ብርድ ልብሴን አስሬ ወደ አገር ቤት ገባሁ።

እሑድ ከቅሬው ስብሰባ ሄጄ፣ ትምህርቴን ትቼ ቦታህን ልይዝ መምጣቴን ነገርኳቸው። የቅሬው ዳኛ አያ ሰይድ፣ በሽተኞቻችን መካነ ሰላም ሆስፒታል ሲያርፉ መኪና እስክናገኝ አጠገባቸው የሚቆም የለንም፣ አንቺ እዚያው ሁኚልን፣ ተራሽ እሱ ይሁን አሉኝ። ሴት ልጅ ለብቻዋ ከሬሳ ጋር እንዴት ትሆናለች ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። አያ ሰይድ ተቆጡና ዝም አሰኟቸው። ፍራሼን ወደ አገር ቤት ሳላወርድ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ባለፈው ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ሆስፒታል አረፉ። ነጠላቸውን አስተካክዬ፣ ለአገር ቤት ደውዬ፣ መኪናው እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሬሳው ጋር ተሳፍሬ ገባሁ። ከቀብር መልስ እንደ ልማዱ የቀረ ቤት እንዲለይ የአባወራ ስም ሲጠራ ያንተም ተጠራ። ስምህን ከመዝገቡ ሰርዘው የእኔን ሊያስገቡ ሲሉ አይሆንም አልኳቸው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስትጠራ ዝም አይባልም። አቤት እላለሁ፣ አባዬ።

ልጅህ ትርንጎ