ኔቪንን ወደ ግንቧ መልሻት

ለውድ ወንድሜ ለኦርቹን፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክ ወንድም ጋሼ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ? ባለቤትህ ዳምላ እንዴት ናት፣ ሥራው አልከበዳትም? ልጃችሁስ ካያ? የወለቁት የፊት ጥርሶቹ በቀሉለት? እኛ ከፎቶ በቀር አናውቀውምና ስለ ጥርሱ ብጠይቅ አትፍረድብኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ለአላህ ምስጋና ይግባውና አሉ። እንዴት እንዳሉ ግን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

ምነው ዛሬ በወረቀት ሆነ እንዳትል። በስልክ ስጽፍልህ ቀይ ልብ ትልክልኝና ነገሩ እዚያው ያልቃል። «አባባ ትናንት ትንፋሽ አጠራቸው» እልሃለሁ፤ ልብ። «የጣሪያውን ክዳን ነፋስ ወሰደው» እልሃለሁ፤ አሁንም ልብ። ወረቀት ላይ ልብ መጫን አይቻልምና እስቲ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ነገሩን ከጨዋታው ልጀምርልህ። አትሳቅ፣ ያንተው ጨዋታ ነው። ጀርመን አገር ዶርትሙንድ ከመሄድህ በፊት ሳሎን ጥግ ባለው ኮምፒውተር ላይ የጀመርከው፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ግንብ የሚከበብበት፣ ሰው የሚያረጅበትና የሚሞትበት ጨዋታ። ሰዎቹን በእኛ ስም ሰይመሃቸው ነበር፤ የቤቱ አለቃ ሙዛፈር፣ ታላቅ ልጁ ኦርቹን፣ ሴት ልጁ ኔቪን። እማዬ ያኔ በሕይወት ነበረችና «እኔን ፈረስ ላይ አውጥተህ እንዳትጥለኝ!» ብላ ስቃ ነበር። ነፍሷን ይማርና።

አንተ ሄድክ። አባባ የከሰሉ ብናኝ ሳንባቸውን ጨርሶት ከከሰል ማውጫው ጉድጓድ ጡረታ ወጡ፣ ቤት ዋሉ። አንድ ቀን «ኔቪን፣ ይሄ የወንድምሽ ነገር እንዴት ነው የሚበራው?» አሉኝ። ምን ሊያደርግልዎ ብላቸው «ልጄ የጀመረው ቤት እንዲሁ ተዘግቶ ይቅር እንዴ!» ብለው ተቆጡ። አስተማርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜያቸው እዚያ ወንበር ላይ ነው፤ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ። የጉድጓድ ጓደኛቸው ሹክሩም አጠገባቸው ሻይ እየጠጣ ጦር ይመራል።

አባባ በሄዱበት ዘመቻ ሁሉ ኦርቹንን ይዘውት ይሄዳሉ። ጥሩ ፈረስ ሲገኝ ለኦርቹን፣ ከጠላት መኮንን የተገፈፈ ጥሩር ለኦርቹን። በጦሩም በቀስቱም የሚስተካከለው ጠፋ። «አየሽው? አየሽው ልጄን?» ይሉኛል ከስክሪኑ ሳይነቀሉ። ኔቪንን ግን ገና በወጣትነቷ ከባሕሩ አጠገብ ያለ ግንብ ሹም አድርገው አስቀመጧት። እህል ታስገባለች፣ የፈረሰ ግድግዳ ታሳድሳለች፣ ሰው ሲጣላ ታስታርቃለች። አንድም ቀን ዘመቻ ወስደዋት አያውቁም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ የኦክስጅን ማሽኑን ውሃ እየቀየርኩ አያታለሁ። አንዳንዴ እሷም የምታየኝ ይመስለኝ ነበር።

እኔስ የት ነበርኩ? ነርስነት ተመርቄ ሳምሱን ከተማ ሆስፒታል ሥራ ሳገኝ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ፣ መጥቼ አባባን እረከብሻለሁ» አልከኝ። ታገስኩ። ከቤታችን ሥር ባለው መድኃኒት ቤት ገብቼ የሳል ሽሮፕ እሸጣለሁ። አረፋ በደረሰ ቁጥር «ዘንድሮ አልተሳካም፣ ለከርሞ ግን የግድ ነው» ትላለህ። ይሄ ከርሞ የምትለው ዓመት መቼ እንደሚገባ አንድዬ ይወቀው።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ሆነ። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ጠላት እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ፈረሱም ሰውየውም ብረት ለብሶ ነው የሚመጣው። አባባ ደግሞ በኦርቹን ተማምነው «እሱ ብቻውን ይበቃቸዋል» ብለው ጥቂት ሰው አስከትለው ላኩት። ሹክሩ «ሙዛፈር፣ ይሄ ነገር አላማረኝም» ቢላቸው «ልጄን አታውቀውም» አሉት። ብዙም አልቆየ፣ ኦርቹን በጦር ሜዳ ወደቀ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ወይኔ ወንድሜ! ደረታቸውን ሲይዙ ያበቃላቸው መስሎኝ ትራስ ይዤ ሮጥኩ። «ልጄ፣ ልጄ» ነው የሚሉት። ኧረ አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ ጠዋት ሴቭ ያደረጉት አለ፣ ወደዚያ እንመለስና ኦርቹን ይነሳል አልኳቸው። እንዴት እንዳዩኝ ብታይ! «ጉድጓዱ ተደርምሶ ስንቱን ጓደኛዬን ስቀብር ማን ነው ወደ ጠዋት የመለሰኝ? የሞተ ሞቷል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትነግሪኝ» አሉኝ። ሹክሩም ቆቡን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ። እነዚህ ሰዎች ከመሬት በታች የኖሩ ናቸውና ምን ትላቸዋለህ። በማግስቱ እህል አልቀምስ ብለው «ኦርቹን ጋ ደውይልኝ፣ ድምፁን ብቻ ልስማ» አሉ። ደወልኩልህ። ስብሰባ ላይ ነኝ አልክ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ማን ቀረ? ያረጀው አለቃ ሙዛፈር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰው የኦርቹን ልጅ፣ እሱንም አባባ ራሳቸው ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ ካያ ብለው ሰይመውታል፤ ኔቪን ደግሞ ግንቧ ውስጥ። ያኔ ትዝ አለቻቸው። አስጠርተው ችሎታዋን ሲያዩት አስተዳደሩ ጢም ብሏል፣ ውጊያው ባዶ ነው። ጦር የለም፣ ቀስት የለም፣ ፈረስ ላይ መቀመጡም እንጃ። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የቀረችው?» አሉኝ። ለእኔ! «ማን ወሰዳት አባባ?» አልኳቸው።

እናም ማሠልጠን ተጀመረ። የአባባ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ማውሱን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰው ውጊያ የሚማረው ገና ጨዋታው ሲጀመር፣ ቡትቶ ከለበሰ ወንበዴ ጋር እየተጋጨ ነው። አሁን ያ ሁሉ ወንበዴ አልቋል፣ አገሩን ብረት ለባሽ ሞልቶታል። በየተራራው እየዞርን አንድ ሁለት የተረፈ ሌባ እንፈልጋለን። ሠራዊቱ በሙሉ ከኋላ ቆሞ ያያል፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴትዮ አንድ ዱላ የያዘ ወንበዴ ታባርራለች። የአባባን ጩኸት ብትሰማ! «ጋሻ! ጋሻሽን አንሺ እንጂ፣ በፊትሽ ነው እንዴ የምትመክቺው?» «ፈረሱን አዙሪው፣ ምን ገትረሽ ታቆሚዋለሽ!» ምድር ቤት ያለችው አክስታችን ሙአላ ሰምታ እያለከለከች ደረጃውን ወጣችና «ሙዛፈር፣ ልጅቷን ምን አድርጋህ ነው?» አለች። ስክሪኑን ስታይ በተቀመጠችበት ትን እስኪላት ሳቀች።

ከዚያ የእንጨት ሰይፍ ይዘው የሚጋጠሙበት ሜዳ አስገቧት። ስትገባ ትወድቃለች፣ ስትገባ ትወድቃለች። ሹክሩ «አንቺ ልጅ፣ መሬቱን ወደድሽው መሰለኝ፣ ፍራሽ ላምጣልሽ?» እያለ ይስቅብኛል። በዚያ ዕድሜ ችሎታ የሚጨምረው በጠብታ ነው። ግን ጨመረ። ልዋሽህ አልፈልግም ወንድም ጋሼ፣ ደስ አለኝ። ከመድኃኒት ቤቱ ስወጣ በጥድፊያ ነበር ደረጃውን የምወጣው። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ነገር ሲያስተምሩኝ የመጀመሪያዬ ነበራ! አንተን ዋና ሲያስተምሩህ እኔ ባሕሩ ዳር ጫማችሁን እጠብቅ አልነበር? አንድ ቀን ኔቪን ሜዳው ላይ የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጥላ ብቻዋን ቆመች። አባባ ትከሻዬን መታ አድርገው «እሰይ! የሙዛፈር ልጅ!» አሉ። ይህን ቃል ለእኔ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስመለስ ሹክሩ «እንዲህ ያለች ልጅ ቤትህ አስቀምጠህ አሁን ነው እንዴ ያየሃት? እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ይላቸዋል። «ሻይህን ጠጣ» አሉት።

ባለፈው ሳምንት የጨዋታው አለቃ ሙዛፈር አልጋው ላይ ሞተ። አባባ አልደነገጡም፣ ሲጠብቁት ነበር። ጨዋታው ቆመና ወራሽ ምረጡ አለ። ሁለት ፊት ወጣ፤ ኔቪንና ካያ። ካያ ገና ለአካለ መጠን መድረሱ ነው፣ ጦሩን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አያውቅም። እኔ ምንም አልጠየቅኩም፣ ምን ይጠየቃል ብዬ ማውሱን ወደ ኔቪን ወሰድኩት። አባባ እጃቸውን እጄ ላይ ጣል አደረጉና «ቆይ፣ ካያን ምረጪ» አሉ።

«አባባ፣ ይሄ ልጅ እኮ ምንም አይችልም» አልኳቸው። «ይማራል። የኦርቹን ልጅ ነው፣ ቤቱ በሱ ይጠራ» አሉ። «እኔስ ታዲያ? ያ ሁሉ ልፋት?» አልኩ። እሷስ ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን እኔስ ነው። አባባ «ኔቪንን ወደ ግንቧ መልሻት። እሷ ካልጠበቀችው ማን ሊጠብቀው ነው?» አሉኝ። ሹክሩ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። እኔ ካያን መረጥኩ። አባባ እፎይ ብለው ወንበራቸውን ተደገፉና «ታርሃና ሾርባ አለ እንዴ?» አሉኝ። ሠርቼ አቀረብኩላቸው።

አባባ ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ክፋት የላቸውም፤ አንጀቴን ያሳረረኝም እሱ ነው። የተናገሩትን የረሱት ሾርባው ሳይበርድ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጠው አደርኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ዞር ብለው ያዩኛል እያልኩ ነበር የኖርኩት። ዞር ብለው አዩኝ፤ አይተውኝ ነው ወደ ቦታዬ የመለሱኝ።

ሲነጋ ሳምሱን ደወልኩ። ሆስፒታሉ ሰው ይፈልጋል፣ ከአረፋ ማግስት ጀምሪ ብለውኛል። ለአባባ ነገርኳቸው። «ለስንት ቀን ነው?» አሉኝ። ለሁልጊዜ ነው አልኳቸው። ማውሱን ፈልገው ያዙት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ትመጣለህ። እባክህ አላልኩህም፣ እባክህ የሚለውን ጨርሼዋለሁ። አክስታችን ሙአላ የበዓሉን ቀናት ብቻ ትይዝልሃለች፣ ከዚያ በላይ ጉልበቷ ደረጃ አይወጣላትም። የማሽኑ ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። አባባን በጀርባቸው አታስተኛቸው፣ ሦስት ትራስ ከኋላቸው አድርግላቸው። ሳል ሲጀምራቸው «ደህና ነኝ» ቢሉህ አትመናቸው። ጨዋታውን አብረሃቸው ትጫወታለህ፤ የቤቱ ሰው ሲሞት ታዲያ ወደ ጠዋቱ እንመለስ እንዳትላቸው፣ አይወዱም። ኔቪን የት ሄደች ብለው ቢጠይቁህ ወጥታለች በላቸው። ወደ ግንቧ አልመለስኳትም። ጥሩ ፈረስ መርጬ፣ ጥቂት ሰው አስከትዬ ልኬያታለሁ። ራሷን መከላከል ትችላለች፣ አባቷ አሠልጥነዋታል።

አባባ ዓይኖችህን ይስማሉ፣ ናፍቀውሃል። አክስቴ ሙአላ «ስትመጣ ያን የጀርመን የጉልበት ቅባት እንዳትረሳ» ብላሃለች። ሹክሩ ሰላም ብሎሃል፤ ሌላም ነገር ብሎ ነበር፣ እሱን ስትመጣ በአፉ ይንገርህ። ለዳምላ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ከእሷ ጋር ቂም የለኝም። ካያን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። አያትህ የቤቱ አለቃ አድርገውሃል በለው። ጦር መያዝ እንደማይችል፣ ሊያሠለጥኑት የሚጠብቁት አያቱም ትንፋሻቸው እያለቀ እንደሆነ ንገረውና ይዘኸው ና።

እህትህ ኔቪን

ዞንጉልዳክ፣ ሜይ 22 ቀን 2024